በሜታል ኮምፕሌክሶች ትምህርት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሳይንስ ትምህርት ዓላማ ተማሪው የተፈጥሮን ለውጥ ተመልክቶ ምክንያቱን እንዲጠይቅ፣ ያገኘውንም ምክንያት በማስረጃ እንዲደግፍ ማብቃት ነው። ይህ በየሥርዓተ ትምህርቱ መግቢያ የሚሰፍር ቃል ነው። ቃሉ በተግባር መተርጎሙና አለመተርጎሙ የሚታወቀው ግን በመግቢያው ሳይሆን በየምዕራፉ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከኬሚስትሪ ምዕራፎች አንዱ፣ ይኸውም የሜታል ኮምፕሌክሶች ምዕራፍ፣ በዚህ ሚዛን ይመዘናል።

ለመነሻ ያህል አንድ ቀላል ሙከራ መጥቀስ ይቻላል። ኮባልት ክሎራይድ በውሃ ሲሟሟ ሮዝ ቀለም ያለው ሙሙት ይሰጣል። በላዩ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ቀለሙ ወደ ደማቅ ሰማያዊ ይለወጣል። ምዕራፉን በተለመደው መንገድ ተምሮ የጨረሰ ዕጩ መምህር «ኮባልቱ ምን ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ በቀላሉ የሚመጣለት መልስ «ኦክሲዳይዝ ሆነ» የሚለው ነው። መልሱ ስሕተት ነው፤ ኮባልቱ በሮዙም በሰማያዊውም ሙሙት የኦክሲዴሽን ቁጥሩ 2 ነው። የተለወጠው በዙሪያው ያሉት ሞለኪውሎችና አዮኖች ዓይነትና ብዛት፣ እንዲሁም የአቀማመጣቸው ቅርጽ ነው።

ይህ ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም። ይኸው ዕጩ መምህር የኮምፕሌክሱን ስም ሳይሳሳት ይጠራል፤ የኦክሲዴሽን ቁጥሩን በሒሳብ ያወጣል፤ ቅርጹንም ከሰንጠረዥ ያነባል። ሦስቱን አገናኝቶ በዓይኑ ፊት የሆነውን ለውጥ መተርጎም ግን አልተማረም። እርሱ ነገ መምህር ሆኖ ክፍል ሲገባ የሚያስተላልፈው ይህንኑ የተቆራረጠ ዕውቀት ነው። ስለሆነም የምዕራፉ አቀራረብ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

1. የምዕራፉ የተለመደ አቀራረብ

በቅድሚያ የቃላቱ ትርጉም መታወቅ አለበት። በዚህ ጽሑፍ «ሜታል» የሚለው ቃል እንደ ኮባልት፣ መዳብ፣ ፕላቲነምና ኢሪዲየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች ሁሉ የሚያጠቃልል ሲሆን፣ «ብረት» ግን ከእነዚሁ አንዱ የሆነውን ንጥረ ነገር ብቻ ያመለክታል። «ኮምፕሌክስ» ማለት አንድ ማዕከላዊ የሜታል አቶም ወይም አዮን በዙሪያው ከተሰለፉ ሞለኪውሎች ወይም አዮኖች ጋር ተሳስሮ የሚሠራው አካል ነው። በዙሪያው የሚሰለፉት ደግሞ «ሊጋንድ» ይባላሉ።

በተለመደው አቀራረብ ምዕራፉ በስም አወጣጥ ደንብ ይጀመራል። ከዚያ የኦክሲዴሽን ቁጥር አቆጣጠር ይከተላል። ቀጥሎ ቅርጾች ይዘረዘራሉ፦ አራት ሊጋንድ ያለው ባለአራት ገጽ ወይም ጠፍጣፋ ካሬ፣ ስድስት ሊጋንድ ያለው ባለስምንት ገጽ ይሆናል ይባላል። በመጨረሻ የቀለም ጉዳይ ይነሣል። ኬሚካዊ ለውጥ፣ ማለትም አንዱ ኮምፕሌክስ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት መንገድ፣ ጊዜ ከተረፈ የሚነካ፣ ካልተረፈ የሚታለፍ ርእስ ነው።

ለዚህ አቀራረብ ጠበቃ የሚሆን ምክንያት የለም ማለት አይቻልም። ስም ሳያውቁ ስለ ነገሩ መነጋገር ያዳግታል። የክፍለ ጊዜው ብዛት የተወሰነ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ኬሚካል አይገኝም፤ የስምና የቁጥር ጥያቄ ደግሞ ለፈተና ዝግጅትም ለእርማትም ይመቻል። ይሁን እንጂ የአቀራረቡ ጉድለቶች ከእነዚህ ምክንያቶች ሚዛን ያለፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ጉድለት ሥዕሉ ቆሞ መቅረቡ ነው። ቅርጽ እንደ ቀለምና እንደ ክብደት የአንድ ሜታል ቋሚ ጠባይ ተደርጎ ይነገራል። እንዲያውም ያው ኮባልት በአንድ የሙከራ ቱቦ ውስጥ በጥቂት ሴኮንዶች ከባለስምንት ገጽ ወደ ባለአራት ገጽ ይለወጣል፤ ተመልሶም ይመጣል።

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ መሠረታዊ ነው። የኦክሲዴሽን ቁጥርና ቅርጽ አንድ ዓይነት ዕውቀት መስለው ይቀርባሉ። ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ቅርጽ ይለካል፤ በኤክስ ጨረር በክሪስታል ውስጥ የአቶሞች ርቀትና ማዕዘን ይወሰናል። የኦክሲዴሽን ቁጥር ግን በስምምነት የሚቆጠር ነው። ሁለት አቶሞች በጋራ የያዙት የኤሌክትሮን ጥንድ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮንን አብልጦ የሚስበው አቶም ድርሻ ነው ተብሎ ይጻፍና፣ ለሌላው አቶም የሚተርፈው ሙል ይሰላል። ዓለም አቀፉ የንጹሕና የተግባር ኬሚስትሪ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 አሻሽሎ ያወጣው ትርጉምም መሠረቱ ይኸው ነው፦ ትስስሩ ሁሉ የአዮን ትስስር ነው ተብሎ ሲታሰብ በአቶሙ ላይ የሚገኘው ሙል።

ነገሩን በአገርኛ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ማሳ በእኩል ቢያርሱና የመዝገብ ሹሙ ለአሠራር ይመቸኝ ብሎ ምርቱን በሙሉ በአንደኛው ስም ቢጽፈው፣ መዝገቡ ለሒሳብ ይጠቅማል። ነገር ግን መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው እህሉ በማን ጎተራ እንዳለ አውቃለሁ ሊል አይችልም። የኦክሲዴሽን ቁጥርም እንዲሁ መዝገብ ነው። መዝገብን ከጎተራ ለይቶ ያልተማረ ዕጩ መምህር፣ ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ግራ መጋባቱ አይቀርም።

2. ቨርነር የለያቸው ሁለት ቁጥሮች

የምዕራፉ መሠረት የአልፍሬድ ቨርነር ሥራ ነው። ቨርነር ንድፈ ሐሳቡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1893፣ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ ነበር። በዘመኑ የነበረው ችግር የኮባልት ክሎራይድና የአሞኒያ ውሑዶች ጉዳይ ነው። ኮባልት ከሦስት ክሎሪን ጋር ተዋሕዶ የመዋሐድ ኃይሉን ከጨረሰ በኋላ ስድስት፣ አምስት ወይም አራት አሞኒያ እንዴት ሊጨምር ቻለ? ዴንማርካዊው ሶፉስ ዩርገንሰን የስዊድናዊውን የብሎምስትራንድን ሐሳብ ተከትሎ አሞኒያዎቹ እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው የተያያዙ ናቸው ይል ነበር።

ቨርነር አንድ የሜታል አቶም ሁለት ዓይነት የመዋሐድ ኃይል አለው አለ። ዋነኛው ኃይል ዛሬ የኦክሲዴሽን ቁጥር ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው ኃይል ደግሞ በሜታሉ ዙሪያ በቀጥታ የሚሰለፉትን ሊጋንዶች ብዛት ይወስናል፤ አቅጣጫም ስላለው ቅርጽን ይፈጥራል። በመሆኑም ስድስት አሞኒያ ያለው የኮባልት ክሎራይድ ውሑድ በብር ናይትሬት ሲፈተን ሦስቱም ክሎራይዶች ይዘቅጣሉ፤ አምስት አሞኒያ ያለው ሁለት፣ አራት አሞኒያ ያለው አንድ ብቻ ይሰጣል። የቀሩት ክሎራይዶች ከኮባልቱ ጋር በቀጥታ ስለ ተሳሰሩ አይዘቅጡም።

ቅርጹንም በዚሁ ዓይነት ብልሃት ወሰነ። ስድስቱ ሊጋንዶች በጠፍጣፋ ስድስት ጎን ወይም በባለሦስት ማዕዘን ፕሪዝም ቢቀመጡ ኖሮ አራት አሞኒያና ሁለት ክሎራይድ ያለው አዮን ሦስት ዓይነት መሆን ነበረበት። በባለስምንት ገጽ ከተቀመጡ ግን ሁለት ብቻ ይሆናል። የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ወይን ጠጅ። ወይን ጠጁን ራሱ ቨርነር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን ካወጣ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከዚህ ታሪክ የትምህርት አቀራረቡ የወሰደው ውጤቱን ብቻ ነው። ቨርነር ሁለቱን ቁጥሮች የለያቸው ግንኙነታቸውን በማስረጃ ለመመርመር ነበር። በመማሪያ ክፍል ግን ተለያይተው ቀሩ፤ አንደኛው በአንድ ሰንጠረዥ፣ ሌላኛው በሌላ ሰንጠረዥ። ሁለቱ የሚገናኙት በለውጥ ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የሚቀርቡት ምሳሌዎች ሁሉ ለውጦች ናቸው።

3. ቅርጹ ተለውጦ ቁጥሩ ሲጸና

በመግቢያው የተጠቀሰው የኮባልት ሙከራ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። በሮዙ ሙሙት ኮባልቱ በስድስት የውሃ ሞለኪውሎች ተከብቦ ባለስምንት ገጽ ቅርጽ ይዟል። ክሎራይድ ሲበዛ ስድስቱ ውሃዎች ይወጡና አራት ክሎራይዶች ይተካሉ፤ ቅርጹም ባለአራት ገጽ ይሆናል። ለውጡ ሙቀት የሚስብ በመሆኑ ሙሙቱ ሲሞቅ ወደ ሰማያዊ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ሮዝ ያዘነብላል። ውሃ ሲጨመርበትም ወደ ሮዝ ይመለሳል።

የሰማያዊው ቀለም መድመቅ ራሱ የቅርጽ ማስረጃ ነው። ባለስምንት ገጽ ቅርጽ በማዕከሉ ግራና ቀኙ፣ ላይና ታቹ የተመሳሰለ ስለሆነ ቀለም የሚሰጠው የኤሌክትሮን ሽግግር በደንብ የተገታ ነው። ባለአራት ገጽ ቅርጽ ይህ ምሳሌነት ስለሌለው ብርሃንን አብዝቶ ይውጣል። ስለዚህ ጥቂት ኮባልት እንኳ ደማቅ ሰማያዊ ይሰጣል። ይህ ከተነገረ ቀለም በምዕራፉ መጨረሻ የሚንጠለጠል ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ቅርጽን የሚናገር ምስክር ይሆናል። «ቀለም ከተለወጠ ኦክሲዴሽን ሆኗል» የሚለው የተሳሳተ እምነትም በዚህ አንድ ሙከራ ይወድቃል።

4. ቁጥሩ ተለውጦ ቅርጹ ሲጸና

ሁለተኛው ምሳሌ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ብረት ከስድስት የሲያናይድ አዮኖች ጋር የሚሠራው ኮምፕሌክስ በቁጥር 2ም ሆነ በቁጥር 3 ባለስምንት ገጽ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ሲወጣ በብረቱና በካርቦኑ መካከል ያለው ርቀት የሚለወጠው በጥቂት መቶኛ አንግስትሮም ብቻ ነው። አንድ አንግስትሮም አንድ ሜትር ለአሥር ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ርቀት ነው።

ስድስት አሞኒያ የያዘው ኮባልትም በቁጥር 2ና በቁጥር 3 ባለስምንት ገጽ ነው። በሰንጠረዥ ሲታይ ከብረቱ ምንም ልዩነት የለውም። በለውጥ ሲታይ ግን ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። በሁለቱ የብረት ኮምፕሌክሶች መካከል ኤሌክትሮን በፍጥነት ይተላለፋል፤ በሁለቱ የኮባልት ኮምፕሌክሶች መካከል የሚደረገው ልውውጥ ግን ከዚያ በሚሊዮኖች እጥፍ የዘገየ ነው።

ለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት የርቀት ነገር ነው። በኮባልቱና በናይትሮጂኑ መካከል ያለው ርቀት በሁለቱ ቁጥሮች ዘንድ በ0.2 አንግስትሮም ያህል ይለያያል። ኤሌክትሮን በጣም ቀላል ስለሆነ በቅጽበት ይዘላል፤ አቶሞች ግን ከባዶች ስለሆኑ በዚያ ቅጽበት ሊንቀሳቀሱ አይችሉም። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ከመዝለሉ በፊት ሁለቱም ወገኖች ወደ መካከለኛ ርቀት መምጣት አለባቸው፤ ረጅሙ ማጠር፣ አጭሩ መርዘም ይኖርበታል። ይህም ጉልበት ይጠይቃል። በኮባልቱ ዘንድ የኤሌክትሮኖቹ አደራደር ጭምር መለወጡ ችግሩን ያባብሰዋል። ሩዶልፍ ማርከስ ከእ.ኤ.አ. 1956 ጀምሮ ይህን በሒሳብ ቀምሮ አቅርቧል፤ ለዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

እንግዲህ «ቅርጹ አልተለወጠም» የሚለው የሰንጠረዥ ቃል በጥንቃቄ ሊነገር ይገባዋል። የቅርጹ ስም ሳይለወጥ መጠኑ ይለወጣል፤ የለውጡን ፍጥነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱም ይኸው መጠን ነው። ተፈጥሮ ይህን ችግር የፈታችበት መንገድ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ይገኛል። በብርሃን አስተጻምሮ ጊዜ ኤሌክትሮን የሚያመላልሰው ፕላስቶሲያኒን የተባለው ፕሮቲን አንድ መዳብ ይዟል። መዳብ በቁጥር 1 ባለአራት ገጽን ይወዳል፤ በቁጥር 2 ወደ ጠፍጣፋው ካሬ ያደላል። ፕሮቲኑ ግን ከሁለቱ ለአንዱ ሙሉ በሙሉ ባልተመቸ መካከለኛ አቀማመጥ ስለሚይዘው፣ ኤሌክትሮን ሲገባና ሲወጣ መዳቡ ብዙ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም።

5. የታውብ ሙከራ

ሦስተኛው ምሳሌ በምዕራፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። ትውልዱ ከካናዳ የሆነው ሄንሪ ታውብ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከፍተኛ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት እንዲያዘጋጅ ተመድቦ ነበር። በጊዜው የነበሩት መጻሕፍት ስለ ኮምፕሌክሶች ለውጥ በቂ ነገር ስላልያዙለት ጉዳዩን ራሱ ለመመርመር ተነሣ። ትምህርት ማዘጋጀት ለምርምር በር ሲከፍት የታየበት ይህ ታሪክ፣ የማስተማርን ሥራ ከምርምር ያነሰ አድርጎ ለሚገምት ሁሉ መልስ ይሆናል።

ታውብ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረበው ሙከራ እንዲህ ነው። አምስት አሞኒያና አንድ ክሎራይድ የያዘ፣ ቁጥሩ 3 የሆነ ኮባልት ተወሰደ። በአሲድ ሙሙት ውስጥ ቁጥሩ 2 ከሆነ ክሮሚየም ጋር ተገናኘ። ኤሌክትሮን ከክሮሚየሙ ወደ ኮባልቱ ተላለፈ፤ ክሮሚየሙ 3፣ ኮባልቱ 2 ሆነ። አስደናቂው ነገር ግን ክሎራይዱ ከክሮሚየሙ ጋር ተሳስሮ መገኘቱ ነው።

ይህ ምን ያስረዳል? ቁጥሩ 3 የሆነ ኮባልትም ሆነ ክሮሚየም ሊጋንዱን በቀላሉ አይለውጥም። ቁጥራቸው 2 ሲሆን ግን ሁለቱም ሊጋንዳቸውን በፍጥነት ይለውጣሉ። ክሎራይዱ ኤሌክትሮኑ ከመተላለፉ በፊት ኮባልቱን እንዳይለቅ ኮባልቱ አጥብቆ ይዞታል። ከተላለፈ በኋላ ወደ ክሮሚየሙ እንዳይገባ ደግሞ ክሮሚየሙ በሩን ዘግቷል። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮኑ በሚተላለፍበት ቅጽበት ክሎራይዱ ሁለቱንም ይዞ ድልድይ ሆኖ ነበር። በሙሙቱ ውስጥ ራዲዮአክቲቭ የሆነ ነጻ ክሎራይድ ሲጨመርም በውጤቱ ውስጥ አልገባም ለማለት በሚያስችል መጠን ቀርቷል። ስለዚህ በክሮሚየሙ ላይ የተገኘው ክሎራይድ ከኮባልቱ የመጣው ራሱ ነው።

በክሎራይዱ ምትክ ስድስተኛ አሞኒያ ቢኖር አሞኒያ ድልድይ የሚሆንበት ትርፍ የኤሌክትሮን ጥንድ የለውም። ያን ጊዜ ለውጡ በቢሊዮን በሚቆጠር እጥፍ ይዘገያል። እንግዲህ የኦክሲዴሽን ቁጥር የሚለወጥበትን መንገድና ፍጥነት የወሰነው የሊጋንዶቹ ዓይነትና አሰላለፍ ነው። ታውብ እ.ኤ.አ. በ1983 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ለዕጩ መምህር ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚጠቅመው የክርክሩ አካሄድ ነው። ማንም ያላየው ቅጽበት የሚቻሉትን መንገዶች አንድ በአንድ በመዝጋት እንዴት እንደሚታወቅ በዚህ ሙከራ ይማራል።

6. ሁለቱም አብረው ሲለወጡ

አራተኛው ምሳሌ ቅርጹም ቁጥሩም በአንድ እርምጃ የሚለወጡበት ነው። ላውሪ ቫስካ እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረባው ጋር ያስታወቀው የኢሪዲየም ኮምፕሌክስ ጠፍጣፋ ካሬ ሲሆን ቁጥሩ 1 ነው። ይህ ኮምፕሌክስ የሃይድሮጂን ሞለኪውል ሲያገኝ ሞለኪውሉን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም አቶሞች ከራሱ ጋር ያስራቸዋል። ሊጋንዶቹ ከአራት ወደ ስድስት ያድጋሉ፤ ቅርጹ ባለስምንት ገጽ ይሆናል፤ ቁጥሩም ከ1 ወደ 3 ይወጣል። ሃይድሮጂኑ ሲወገድ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እዚህ ላይ ንቁ ተማሪ ማንሣት ያለበት ጥያቄ አለ። ሃይድሮጂን በትምህርቱ ሁሉ ኤሌክትሮን የሚሰጥ፣ ሌላውን የሚያድስ ነገር ተብሎ ሲነገር ኖሯል። አሁን ሃይድሮጂን ተጨምሮ ሜታሉ ኦክሲዳይዝ ሆነ መባሉ እንዴት ነው? መልሱ ያለው በመዝገቡ ደንብ ውስጥ ነው። ከሜታል ጋር የታሰረ ሃይድሮጂን የጋራውን ጥንድ ሙሉ በሙሉ እንደ ያዘ ስለሚቆጠር ኢሪዲየሙ ሁለት ኤሌክትሮን እንዳጣ ይጻፋል። በፓውሊንግ ሚዛን ግን ኢሪዲየምና ሃይድሮጂን ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይላቸው እኩል 2.20 ነው። ጥንዱ በእርግጥ የጋራ ነው፤ የአንደኛው ነው የሚለው መዝገቡ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ቁጥሩ አይረባም ማለት አይደለም። በፊት በኢሪዲየሙ ላይ ያለ ትስስር ይኖሩ የነበሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሁን በትስስር ሥራ ላይ መዋላቸውን በአጭሩ ይናገራል። ስድስት ኤሌክትሮን በዚህ ደረጃ የቀረው ሜታል ባለስምንት ገጽን እንደሚመርጥም ያመለክታል። መዝገብ በአግባቡ ለሚያነበው ጠቃሚ ነው። ጥፋቱ መዝገቡን እንደ ልኬት መቁጠሩ ላይ ነው።

ይህ ዓይነቱ ለውጥ በፋብሪካም ትልቅ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ገደማ ጀምሮ ከሜታኖልና ከካርቦን ሞኖክሳይድ አሴቲክ አሲድ የሚመረትበት የሮድየም ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ካሬ የሆነው ባለ1 ሮድየም ሜቲል አዮዳይድን ተቀብሎ ባለስምንት ገጽና ባለ3 ይሆናል። ከዚያ ሜቲሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይሸጋገራል። በመጨረሻም የተሠራው አካል ተለይቶ ሲወጣ ሮድየሙ ወደ ቀድሞ ቅርጹና ቁጥሩ ይመለስና ዙሩን እንደገና ይጀምራል። ሜታሉ አፋጣኝ ለመሆን የበቃው በሁለት ቅርጾችና በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ድካም መመላለስ በመቻሉ ነው።

7. ቅርጹ ታውቆ ቁጥሩ ሲያከራክር

የመጨረሻው ምሳሌ ከእያንዳንዱ ተማሪ ደም ውስጥ የሚገኝ ነው። በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ኦክሲጅን ሳይዝ አምስት ትስስር አለው፤ አራቱ ከፖርፊሪን ቀለበት፣ አምስተኛው ሂስቲዲን ከተባለው የፕሮቲኑ አካል ጋር ነው። ብረቱም ከቀለበቱ ጠለል 0.4 አንግስትሮም ያህል ወጣ ብሎ ይቀመጣል። ኦክሲጅን ስድስተኛ ሆኖ ሲታሰር ብረቱ ወደ ጠለሉ ይገባል፤ ሂስቲዲኑንም ይስበዋል። ማክስ ፔሩትዝ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዳው ይህች ጥቂት እንቅስቃሴ ወደ ቀሩት የሞለኪውሉ ክፍሎች ተላልፋ እነርሱም ኦክሲጅንን በቀላሉ እንዲቀበሉ ታደርጋለች።

ቅርጹ በዚህ መጠን ሲታወቅ ቁጥሩ ግን አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ፓውሊንግና ኮርየል እ.ኤ.አ. በ1936 ኦክሲጅን የያዘ ደም በማግኔት እንደማይሳብ፣ ያልያዘው ግን እንደሚሳብ አሳዩ። ፓውሊንግ ብረቱ ቁጥሩ 2 እንደ ሆነ ቆይቷል አለ። ጆሴፍ ዋይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ለኦክሲጅኑ ስለሚሰጥ ቁጥሩ 3 ነው፣ ኦክሲጅኑም ሱፐርኦክሳይድ ሆኗል አለ። ሁለቱም የማግኔቱን ማስረጃ ይቀበላሉ። የሚለያዩት የጋራው ኤሌክትሮን በማን ስም ይጻፍ በሚለው ላይ ነው።

በትምህርቱ ግን «ባለ2 ብረት ኦክሲጅን ይሸከማል፤ ባለ3 አይሸከምም» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ኤሌክትሮኑን ፈጽሞ ያጣ ብረት ያለበት ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን እንደማይሸከም እውነት ነው። ነገር ግን ኤሌክትሮንን ፈጽሞ ማጣትና ከኦክሲጅን ጋር ለጊዜው ተጋርቶ ኦክሲጅኑ ሲለቅ መልሶ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ያልተረዳ መምህር ከተማሪው የሚመጣበትን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

ማጠቃለያና ሐሳብ

ከላይ ከተመለከቱት ምሳሌዎች የሚከተሉት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

ሀ) ምዕራፉ ከለውጥ ቢጀምር ይሻላል። ስምና ቁጥር ለውጡን ለመግለጽ ሲያስፈልጉ ይምጡ። ተማሪው የሚያስፈልገውን ቃል ፈልጎ ሲያገኘው አይረሳውም።

ለ) ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡ፦ «ቅርጹ ተለወጠ ወይ? ቁጥሩስ?» በዚህም ኮባልት ክሎራይድ፣ የብረት ሲያናይድ፣ የቫስካ ኢሪዲየምና ደም እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይገባሉ። በየመልሱም «በምን ታወቀ?» የሚል ጥያቄ ይከተል።

ሐ) በመማሪያ ክፍል ንግግር ቅርጽ «ይለካል»፣ የኦክሲዴሽን ቁጥር «ይቆጠራል» መባሉ ልማድ ይሁን። የሁለት ግሦች ልዩነት ብዙ ማስረዳትን ይተካል።

መ) በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ደንቦች በድምፅ ብቻ ተሸምድደው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ዕጩ መምህሩ ለውጡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጭምር እንዲያስረዳ ቢጠየቅ የተረዳውና ያልተረዳው ይለያል።

ሠ) የኬሚካል እጥረት ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ሊያስቀር አይገባም። ጥቂት የኮባልት ክሎራይድ ሙሙት ከተመጣጠነ አሲድ ጋር በሚገባ በተከደነ አንድ የሙከራ ቱቦ ተዘጋጅቶ፣ ሞቅ ባለ ውሃና በቀዝቃዛ ውሃ እየተነከረ ለብዙ ክፍሎች ሊያገለግል ይችላል። የኮባልት ጨው መርዛማ፣ አሲዱም አደገኛ ስለሆነ ዝግጅቱ የአስተማሪው ድርሻ ይሁን፤ ሙሙቱም ወደ ፍሳሽ አይደፋ።

ረ) ፈተናው ካልተለወጠ የቀረው ሁሉ አይለወጥም። ስም ጥሩ፣ ቁጥር አውጡ ከሚሉት ጥያቄዎች ጎን ቢያንስ አንድ «ለምን» የሚል ጥያቄ በየፈተናው ይኑር፤ እርማቱ ጊዜ ቢወስድም የሚከፈልለት ዋጋ አለው።

እነዚህ ሐሳቦች አዲስ መጽሐፍም ሆነ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የአንድ ምዕራፍ ርእሶች ቅደም ተከተል እንዲለወጥ ነው። በዚህ መንገድ የሠለጠነ መምህር ሮዙ ሙሙት ሰማያዊ ሲሆን «ኮባልቱ ኦክሲዳይዝ ሆነ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «አልሆነም፤ ስድስት ውሃ ወጥቶ አራት ክሎራይድ ገባ፤ ቱቦውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ተመልከቱ» ብሎ ለተማሪዎቹ ማስረጃውን በእጃቸው ይሰጣቸዋል።